ልጄ «ዱድ» ይለኛል፦ ይህ ቃል ስንት ትርጉም አለው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሰላም እህት ወንድሞቼ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ነው የተወለደው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህንን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነው። ከበጋው ዕረፍት ወዲህ «ዱድ» ይለኛል። እኔን፣ እናቱን!

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቁልፌን ረስቼ በር ላይ ቆምን። «ዱውውድ!» አለኝ ድምፁን ጎትቶ። ማታ ትርጉሙን ፈለግኩ። «ወንድ፣ ሰውዬ» ይላል። ታዲያ ልጄ «ሰውዬ» ነው የሚለኝ? እኔ እናቴን በስሟ እንኳ ጠርቻት አላውቅም። እስከ ዛሬ «እማዬ» ናት። ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ።

በነጋታው ጠየቅኩት። «መጥፎ ቃል አይደለም ማሚ፤ ዱድ ዝም ብሎ ዱድ ነው» አለኝ። ዝም ብሎ ማለት ምን ማለት ነው? ልቆጣው እችላለሁ። ግን የማላውቀውን ቃል ከልክዬው ነገ ምን ልለው ነው? መጀመሪያ ቃሉን ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሾፌሩ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እኔ እዚህ ቨርጂኒያ 11 ዓመት ሰው አመላልሻለሁ። ይህን ቃል በቀን ስንቴ እንደምሰማው! መጀመሪያ እኔም ስድብ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሌሊት ሁለት ወጣቶች ከኋላ ተቀምጠዋል። የአንደኛው ስልክ ጠራ። አነሳና «ዱድ!» አለ፤ ደስ ብሎታል። ትንሽ ቆይቶ «ዱድ?» አለ፤ ግራ ገብቶታል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ በጣም በቀስታ «ዱድ...» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም። ጓደኛው ትከሻውን ያዘው። እኔ ከፊት ሆኜ መርዶ እንደሆነ ገባኝ። ወደ ሌላ አድራሻ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። የሚያውቁት ልጅ አርፎ ነበር።

እንግሊዝኛዬ ያኔ ደካማ ነበር። ግን ሦስቱንም «ዱድ» ያለ አስተርጓሚ ተረዳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን መስማት ትቼ ድምፁን ነው የምሰማው።

ሸገር ነኝ

እህት፣ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ቴሌግራም ላይ አይቻለሁ፦ «ዱድ» ማለት ዝሆን መቀመጫ ላይ የሚበቅል ፀጉር ማለት ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው አያውቁትም ይላል። ብታስቆሚው ይሻላል።

ቋንቋ ተማሪ

@ሸገር ነኝ፣ ወንድሜ ይህ ተረት ነው። ለዓመታት በኢንተርኔት ሲዞር የኖረ ፈጠራ። አንዳንዴ ዝሆን ነው፣ አንዳንዴ ግመል። ምንም መሠረት የለውም። በዚህ ምክንያት ልጅ እንዳይቀጣ አደራ።

የቃሉን ታሪክ በመጠኑ አጥንቼዋለሁና ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዱድ» በአንድ ጊዜ የፈነዳ ቃል ነው። ቦታው ኒው ዮርክ፣ ጊዜው የ1883 መጀመሪያ። በጥር ወር ኒው ዮርክ ዎርልድ የተባለው ጋዜጣ ስለ «ዱድ» የሚያላግጥ ግጥም አወጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቃሉ አገሩን አዳረሰ። ያኔ ዱድ ማለት ዛሬ ቄንጠኛ የምንለው ነው። የሀብታም ልጅ፣ ጠባብ ሱሪ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ፣ የአንድ ዓይን መነጽር ያደረገ፣ የእንግሊዝ መኳንንትን አነጋገር የሚኮርጅ። ሥራ የለውም። ሥራው መልበስ ነው። ቃሉ ስድብ ነበር ማለት ይቻላል።

ከየት መጣ ለሚለው ሚዛን የሚደፋው መልስ «ያንኪ ዱድል» የሚለው የቆየ ዘፈን ነው። ዘፈኑን የእንግሊዝ ወታደሮች በአሜሪካኖቹ ለመሳለቅ ይዘፍኑት ነበር። ገጠሬው ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቶ የለንደን ዘናጭ የሆነ ይመስለዋል ነው ነገሩ። «ዱድል» ከሚለው መጨረሻው ሲቆረጥ «ዱድ» ቀረ። ጄራልድ ኮኸንና ባሪ ፖፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጠው ይህን አስረድተዋል። የሚገርመው፣ አሜሪካኖች የተሰደቡበትን ዘፈን ወስደው የራሳቸው ኩራት አደረጉት። «ዱድ»ም በኋላ ያው ዕጣ ነው የገጠመው።

የዱዶች ንጉሥ የሚባል ሰውም ነበር። ስሙ ኤቫንደር ቤሪ ዎል። በመጋቢት 1888 ኒው ዮርክን በረዶ በቀበራት ጊዜ እስከ ጭኑ የሚደርስ የሚያብረቀርቅ ቦት ጫማ አድርጎ መጠጥ ቤት ገባና በአለባበስ ተቀናቃኙን አሸነፈ ይባላል። ቴዎዶር ሩዝቬልት እንኳ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ወጣት የኒው ዮርክ ምክር ቤት አባል ሳለ፣ በአለባበሱና በአነጋገሩ «ዱድ» እየተባለ ተቀልዶበታል።

ሞንታና ያለሁት

እዚህ ምዕራብ ደግሞ ቃሉ ሌላ ሕይወት አለው። እኔ በበጋ ወራት ከየሎውስቶን ፓርክ ብዙም በማይርቅ የእንግዳ ማረፊያ እሠራለሁ። ፈረስ የሚጋለብበት ቦታ ነው። «ዱድ ራንች» ይሉታል። ስቀጠር ስሙ አልገባኝም ነበር። አንድ ሽማግሌ ፈረስ አሰልጣኝ ነው ያስረዳኝ።

ሃዋርድ ኢተን የሚባል ከፒትስበርግ የመጣ ሰው ከወንድሞቹ ጋር ዳኮታ ውስጥ ከብት ያረባ ነበር። ከምሥራቅ ከተሞች ወዳጆቹ እየመጡ ወራት ይቀመጡበታል። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ፈረስ ይጋልባሉ። እንግዳ ተቀባይነቱ ኪሳራ ሆነ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንግዶቹ ራሳቸው ለመክፈል ተስማሙ። ሥራው እንዲህ ተጀመረ። በ1904 ወንድማማቾቹ ወደ ዋዮሚንግ ዞሩ። በ1926 ደግሞ የዱድ ራንች ባለቤቶች ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬም አለ።

እዚህ «ዱድ» የሚባለው ፈረስ የማያውቀው የከተማ ሰው ነው። ጫማው አዲስ፣ ባርኔጣው አዲስ፣ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ተቃራኒውን እግር የሚያስቀድም። ሴት ከሆነች ድሮ «ዱዲን» ይሏት ነበር። ስድብ ግን አይደለም። ደመወዛችንን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው!

የፒያሳ ልጅ

ይሄ ነገር ልብ ይነካል። እስቲ አስቡት። በኒው ዮርክ ጎዳና አራዳ ነኝ ያለው ሰውዬ ዋዮሚንግ ሲደርስ ፋራ ሆነ። ቃሉ አንድ ነው፣ ሰውዬው አንድ ነው፣ የሚያየው ዓይን ተቀየረ።

የእኛው «አራዳ»ም መንገደኛ ቃል ነው። መጀመሪያ የሰፈር ስም ነበር። ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው ገበያ። ከዚያ እዚያ የሚውል ሰው ጠባይ ሆነ። ብልጥ፣ ነቄ፣ የማይሸወድ። ዛሬ አራዳ ለመባል አራዳ ክፍለ ከተማ መኖር አያስፈልግም። ሰፈር ሰው ሆነ፣ እዚያ ማዶ ደግሞ ልብስ ሰው ሆነ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዝሆኑን ሳነብ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር! @ሾፌሩ፣ ያንን ታሪክ ሁለቴ አነበብኩት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የቄንጠኛ ስድብ እንዴት ብሎ የ13 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ገባ?

ቋንቋ ተማሪ

እሱ ነው የሚያምረው ክፍል። በ1930ዎቹና 40ዎቹ በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ጥቁር ወጣቶችና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ሰፋፊ ሱፍ መልበስ ይወዱ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ሱሪው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ። እነዚህ ልጆች እርስ በርስ «ዱድ» መባባል ጀመሩ። መነሻው ያው «ዘናጭ» የሚለው ትርጉም ነው። ግን አፋቸው ላይ ሲውል ከመሳለቂያነት ወጣ። «የኛ ሰው» ማለት ሆነ። ከነሱ ወደ ሙዚቀኞች፣ ወደ ካሊፎርኒያ ማዕበል ጋላቢዎች፣ ማለትም በጣውላ ላይ ቆመው በባሕር ማዕበል ወደሚንሸራተቱት ተሻገረ። በ1980ዎቹ ደግሞ ፊልሞች በየቤቱ አስገቡት። ሾን ፔን በ1982 የተጫወተውን ፀጉረ ረጅም ማዕበል ጋላቢ ተማሪ ብዙ አሜሪካዊ ዛሬም ያስታውሰዋል። ስለዚህ ልጅሽ የሚለው «ዱድ» የኒው ዮርክ ሀብታሞች ቃል ብቻ አይደለም። በመሃል የድሃ ሰፈር ልጆች አሽተው የሠሩት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ መረሳቱም ያሳዝነኛል።

አሁን ወዳለው አጠቃቀም ስመጣ፣ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ስኮት ኪስሊንግ የተባለ የቋንቋ ምሁር አለ። በ2004 ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ሰፊ ጽሑፍ አሳተመ። ተማሪዎቹን «የምትሰሙትን የመጀመሪያ 20 ዱድ ጻፉልኝ፤ ማን ለማን፣ የት፣ እንዴት እንዳለው» አላቸው። 519 ሰበሰቡ። ያገኘው ነገር የሾፌሩን ወሬ ነው የሚያጸናው። ቃሉ ወሬ ይከፍታል። ያስደንቃል። «ልክ ነህ» ይላል። ቁጣንም ያበርዳል፦ ሰው ሊጣላህ ፈልጎ በመሃል «ዱድ» ካለ «ነገሩ ይቆረቁረኛል፣ አንተ ግን ያው ወዳጄ ነህ» እያለህ ነው።

ኪስሊንግ ቀዝቀዝ ያለ ወዳጅነት ብሎ ነው የሚያስረዳው። የአሜሪካ ወጣት ወንድ ሁለት ነገር ይጫነዋል። ጓደኛውን መቅረብ ይፈልጋል፤ በጣም የተጠጋ መምሰል ደግሞ ይፈራል። እኛ አገር ወንድና ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እዚያ ግን ይታያል። «ዱድ» ያንን እጅ የሚተካ ቃል ነው። ይቀርባል፣ ግን አይጣበቅም።

ጋሽ መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው የተከታተልኩት። ደብረ ብርሃን 34 ዓመት አስተምሬያለሁ። አትላንታ የልጅ ልጆች አሉኝ፣ በቪዲዮ እንነጋገራለን።

ቃሉ ክፉ እንዳልሆነ አሳምናችሁኛል። ነገር ግን ልጄ፣ ክፉ አለመሆኑ ለእናት ይሆናል ማለት አይደለም። እኛ ጋ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ አለ። ይህ ሰዋስው ብቻ አይደለም። ልጅ በማን ፊት እንደቆመ የሚያውቅበት ነው። «አንተ» መልካም ቃል ነው፤ ለቄሱ ግን አንለውም። እንግዲህ ለቋንቋ ተማሪው ጥያቄ አለኝ። እነዚያ 519 ዱዶች ውስጥ ስንቱ ለእናት ተባለ?

ቋንቋ ተማሪ

ጋሼ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቁ። ኪስሊንግ ተማሪዎችን ለማን እንደሚሉት ጠይቋል። ለቅርብ ጓደኛ፣ በተለይ ወንድ ለወንድ ወይም ሴት ለሴት፣ ብዙ ይባላል። ለወንድም ለእህትም ይባላል። ለወላጅ፣ ለአለቃ፣ ለመምህር ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹም «እርስዎ» የሚል ቃል ባይኖራቸውም ወሰኑን ያውቁታል። በእርስዎ በኩል እውነት አለ።

የድሬ ልጅ

እኔ ግን በሌላ በኩል ነው የማየው። እኛ «አቦ» አለን። አቦን ተርጉሙልኝ እስቲ! «አቦ ተወኝ» ስል ተናድጃለሁ። «አቦ በናትህ» ስል እየለመንኩ ነው። «አቦ ይመችህ» ስል እየመረቅኩ ነው። ሙቀቱ ሲብስ ብቻዬን ቁጭ ብዬ «አቦ!» እላለሁ፤ ማንንም አልጠራሁም። እናቴ ላይም ብዬዋለሁ፣ እሷም ብላኛለች። ድሬ ውስጥ አቦ ያልተባለ እናት የለም። ንቀት ሆኖ አያውቅም።

አዲስ አበቤዎችም «ባክህ» አላችሁ። ከ«እባክህ» ነው የመጣው። ግን አንድ ሰው ወሬ ሲነግርህ «ባክህ?» ስትል ትለምነዋለህ እንዴ? «የምርህን ነው?» ማለትህ ነው። «ባክህ ሂድ» ሲሆን ደግሞ ውሸቱን ነው የምትነግረው። የልመናው ትርጉም አልቆ ድምፁ ብቻ ቀርቷል።

የሁለት ሴቶች እናት

እኔ ሴት ልጆች ነው ያሉኝ፣ 15 እና 17። እነሱም «ዱድ» ይባባላሉ፤ ሴት ለሴት። ትልቋን ጠየቅኳት። «ስትጠሪበት ለሁሉም ይሆናል፤ ስታወሪበት ግን ወንድ ነው» አለችኝ። ማለትም ጓደኛዋን «ዱድ፣ ነይ» ትላታለች። ግን «አንድ ዱድ አየሁ» ካለች ያየችው ወንድ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። አንዳንድ ሴቶች ግን በዚህ ስም መጠራት እንደማይወዱ ነገረችኝ። አንዷ የክፍሏ ልጅ አትበሉኝ ብላ፣ ሁሉም ትተውላታል። መተው መቻላቸው ደስ አለኝ።

ሳስበው እኛም ሴት ጓደኛችንን «አንተ» እንል የለ? አብረን ዩኒቨርሲቲ ሳለን «ና እንጂ አንተ፣ ረፈደብን» ትለኝ ነበር አንዷ። ወንድ አደረገችኝ? አይደለም። ጓዴ ነሽ ማለቷ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ @የሲልቨር ስፕሪንጓ። አንቺ ልጅሽን ምን እያልሽ ነው የምትጠሪው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

«አባቴ» ነው የምለው።

ይህንን ከጻፍኩ በኋላ ስልኩን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ሾፌሩ ከአሌክሳንድሪያ

እኔም የኔዋን «እናቴ» ነው የምላት። 9 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን የጓደኛዋ አባት፣ አሜሪካዊ ነው፣ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ልጅህን እናቴ ትላታለህ?» ብሎ ግራ ገባው። እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ቃሉ «እናት» ይላል። እኔ ግን እያልኳት ያለሁት ሌላ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ተመልሻለሁ። እንደ ፕሮፌሰሩ ተማሪዎች አደረግኩ። ሐሙስ ማታ ወረቀት ይዤ ኩሽና ተቀመጥኩ። ከራት እስከ መኝታ 14 ዱድ ቆጠርኩ። ለታናሽ እህቱ 5፣ ጌም ላይ ላለው ጓደኛው 4፣ ለእኔ 3፣ ለድመታችን 1። አንዱ ለማንም አይደለም፤ የእግሩ ጣት ጠረጴዛ ሲመታው ነው።

ለእኔ የተባሉትን ሦስቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሽሮው ሲቀርብ ነው። ቀምሶ፣ አጠር አድርጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ። ሁለተኛው ስለ አክስቱ ሠርግ ስነግረው ነው። «ዱድ?» አለ፣ የድሬው ልጅ እንዳለው «ባክሽ?» ማለቱ ነው። ሦስተኛው ስልክህን አስቀምጥ ስለው። ይሄኛው ተጎተተ። ይሄኛው አልተመቸኝም።

ቁጭ አድርጌ አነጋገርኩት። ስለ ዱዶቹ ንጉሥና ስለ ቦት ጫማው ነገርኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። ሰፋፊ ሱፍ ስለለበሱት ልጆች ነገርኩት፤ ራሱ ፎቶ ፈልጎ አሳየኝ። ከዚያ ጋሽ መምህር ያሉትን አማከርኩት። ተስማማን። አያቱ ፊት፣ ቤተ ክርስቲያንና ሰው ቤት አይባልም። ስናገረው ለመመለስም አይባልም። ለሽሮው ግን ይባላል።

ጋሽ መምህር

እንዲህ ከሆነ እኔም ተስማምቻለሁ። ልጅ ምክንያቱ ሲነገረው ይቀበላል፣ ክፍል ውስጥ ያየሁት ይህንን ነው። አትላንታ ላለው የልጅ ልጄም የቦት ጫማውን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ሸገር ነኝ

የዝሆኑን ለላከልኝ ሰው ይህን ውይይት ልኬለታለሁ። ይቅርታ እህት፣ ሳላጣራ ነው የጻፍኩት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

@ሸገር ነኝ፣ ምንም አይደል፤ በቅንነት ነው ያልከው።

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ፣ እሱን ብቻ ልጨምር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን መሬት ጣለው። ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ነው የሚሄደው። ዛሬ ኩሽና መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። አላየኝም። «ዱድ» አለ። በቀስታ፣ ወደታች በሚወርድ ድምፅ፣ ሾፌሩ መኪና ውስጥ እንደሰማው ሦስተኛው ማለት ነው። ሌላ ምንም አልጨመረም።

የዛሬ ወር ቢሆን «ማንን ነው ዱድ የምትለው!» ብዬ ጮኼበት ነበር። እሱም ተነስቶ ይሄድ ነበር። ዛሬ ሻይ ቀዳሁለት። «ምን ሆንክ አባቴ?» አልኩት። ፈተና ወድቋል። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣው። አጣጥፎ አጣጥፎ ትንሽ አድርጎታል።

የሁለት ሴቶች እናት

የምን ትምህርት ነው? ሒሳብ ከሆነ ትልቋ ልጄ ጎበዝ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ናት። እኛ ዊተን ነን፣ ቅርብ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሒሳብ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ።